ሁሉም ተረት አንድ ሆነብኝ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ስለ ዓለም አፈ ታሪክና ፎክሎር ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ስጀምረው ለማርክ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ አጥቼ ነው የማነበው። የግሪኮቹን፣ የስካንዲኔቪያዎቹን፣ የሕንዶቹን፣ የባቢሎናውያኑን፣ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ፣ የቀረውን ከስልኬ ላይ።

ችግሬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ የኖኅ ታሪክ በፊት የተጻፈ የጥፋት ውኃ ታሪክ መኖሩን ሳነብ ደነገጥኩ። መርከብ አለው፣ እርግብና ቁራ አለው፣ መሥዋዕት አለው። ቄስ ለሆኑት አጎቴ ብነግራቸው ‹የአሕዛብ ተረት እያነበብሽ ሃይማኖትሽን እንዳታጪ› ብለው ተቆጡኝ። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ ‹አየሽ፣ ሁሉም ኩረጃ ነው› ትለኛለች። ማንን ልስማ?

ሁለተኛ፣ ባነበብኩ ቁጥር ሁሉም አንድ እየሆነብኝ መጣ። ጀግናው ይወጣል፣ ዘንዶ ይገድላል፣ ይመለሳል። አንድ ቪዲዮ ላይም የዓለም ጀግና ሁሉ መንገዱ አንድ ነው ሲባል ሰማሁ። ታዲያ አንዱን ካነበብኩ መቶውን ለምን አነባለሁ? የንባብ ምልከታ ጻፉ ተብለን አሥራ አምስት ገጽ ሰጥቼ መምህሩ ‹ያነበብሽውን ነገርሽኝ፤ አንቺ የታለሽ?› ብሎ ጽፎበት መለሰልኝ። ስለ አንድሮሜዳ፣ ስለ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት የጻፍኩትን፣ እኔ በጣም የምወደውን ክፍል ሳይቀር በቀይ አስምሮበታል።

ሦስተኛው ያሳፍረኛል። የዜኡስን ልጆች በስም እቆጥራለሁ። አያቴ ትነግረን ከነበረው ተረት ግን እስከ መጨረሻው የማስታውሰው አንድም የለም። አያቴ ገጠር ናት፣ ደኅና ናት። ደውዬ ‹ተረት ንገሪኝ› ብላት የምትስቅብኝ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ተረት ወዳድ ነኝ፣ ከባሕር ዳር»

ውድ ተረት ወዳድ፣

ሦስት ብለሽ የቆጠርሽው ችግር ለእኔ አንድ ነው። መመሳሰሉን አየሽ፣ እዚያው ቆምሽ። አጎትሽ የፈሩት፣ ጓደኛሽ የምትፎክርበት፣ መምህርሽም በቀይ ያሰመረው ከዚሁ የመጣ ነው። ሁለት ታሪኮች መመሳሰላቸውን ማየት የንባብ መጀመሪያ ነው፤ የሚለያዩበትን ቦታ ፈልገሽ ስታገኚ ነው የራስሽ ሐሳብ የሚመጣው።

ከጥፋት ውኃው ልጀምር። ያነበብሽው የጥንቱ የኡሩክ ከተማ ንጉሥ የጊልጋሜሽ ታሪክ 11ኛው የሸክላ ጽላት ነው። ጽላቶቹ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በነነዌ፣ የዛሬዋ የኢራቅ ከተማ ሞሱል ባለችበት፣ ከአሦሩ ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝተው ወደ ለንደን ተወሰዱ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለዓመታት ማንም ሳያነባቸው ተቀመጡ። በ1872 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስሚዝ የሚባል፣ በሙያው የገንዘብ ኖት ማተሚያ ቅርጽ ይቀርጽ የነበረና የሽብልቅ ጽሑፍን ማንበብ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው፣ ከተሰባበሩት ሸክላዎች በአንዱ ላይ መርከቧ ተራራ ላይ እንዳረፈችና እርግብ እንደተላከች አነበበ። ከደስታው ብዛት ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ ይባላል። አንቺ ደነገጥኩ ብለሽ ደብዳቤ መጻፍሽ ከዚህ አንጻር ጨዋነት ነው።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጪና ቀስ ብለሽ አንብቢ። በባቢሎናውያኑ ዘንድ አማልክቱ ብዙ ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ኤንሊል ሰውን ሊያጠፋ ይነሣል። ኤአ ደግሞ ለሸምበቆ ግድግዳ የሚያወራ መስሎ ምስጢሩን መርከቧን ለሚሠራው ሰው ለኡትናፒሽቲም ያሾልክለታል። ውኃው ሲመጣ አማልክቱ ራሳቸው ደንግጠው ወደ ሰማይ ይሸሻሉ፣ እንደ ውሻም ይኮራመታሉ። በኋላ የመሥዋዕቱ ጢስ ሲሸታቸው እንደ ዝንብ ይሰበሰባሉ። አትራሐሲስ በሚባለው ሌላው የባቢሎን ትረካ የጥፋቱ ምክንያት የሰው ልጅ ጫጫታ ነው፤ ኤንሊልን እንቅልፍ ነሳው። ከዚያ ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 6 እስከ 9 አንብቢ። አምላክ አንድ ነው፤ ምክንያቱ ምድር በግፍ መሞላቷ ነው፤ መጨረሻው ቃል ኪዳንና ቀስተ ደመና ነው። ኡትናፒሽቲም የማይሞት ተደርጎ ከሰው ርቆ ይቀመጣል። ኖኅ ወይን ይተክላል፣ ይሰክራል፣ ቀኑ ሲደርስም እንደማንኛውም ሰው ይሞታል። መርከቡም ወፎቹም አንድ ሆነው ሳለ የሚነገርባቸው ጉዳይ ግን ለየቅል ነው።

የሕንዱን ማኑን ብትጨምሪበት ደግሞ፣ እሱን ከውኃው የሚያድነው ትንሽ ሳለ በሚታጠብበት ውኃ ውስጥ አግኝቶ ያሳደገው ዓሣ ነው። የግሪኮቹ ዴውካልዮንና ፒራ ከጥፋቱ በኋላ ወደ ኋላቸው ድንጋይ እየወረወሩ ከድንጋዩ ሰው ይወጣላቸዋል። አንዱ ስለ ውለታ ይተርካል፣ ሌላው የሰው ልጅ ከምን እንዲህ የጠነከረ ሆኖ እንደተሠራ።

አሁን በቀይ ወደተሰመረው ክፍልሽ እንሂድ። ግሪኮች ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ከዓለት ጋር የታሰረችውን፣ ፔርሴውስ የሚባል ጀግና ያዳናትን የአንድሮሜዳን አባት ኬፌውስን የኢትዮጵያ ንጉሥ ይሉታል፤ እስከዚህ ልክ ነሽ። ነገር ግን በዚያ ዘመን በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር፣ አንዳንዴም በምድር ዳርቻ አሉ የሚሏቸውን ጥቁር ሕዝቦች በሙሉ ነበር። በግሪካዊው ባለቅኔ በሆሜር ትረካ የአማልክቱ አለቃ ዜኡስ አማልክቱን አስከትሎ ለአሥራ ሁለት ቀን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ይሄዳል። ሰዎቹ ለአማልክት ቅርብ፣ ለግሪክ ግን በጣም ሩቅ መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ። ልጅቷ ታስራበታለች የሚባለውን ዓለት ደግሞ በርካታ የጥንት ጸሐፊዎች ኢዮጴ፣ ማለትም ዛሬ በእስራኤል ባለችው በያፋ ባሕር ዳር ያደርጉታል። መምህርሽ ያሰመረው «የእኛ ናት» ብለሽ ስለዘጋሽው ይመስለኛል። ኩራቱን አልነቅፍም፣ ግን ጥያቄሽን አስቁሞብሻል።

ይልቅ አንድሮሜዳን ከሁለት ሌሎች ልጃገረዶች ጋር አቀራርቢያት። የመጀመሪያዋን ከልጅነትሽ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስታያት ኖረሻል፤ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ዛፍ ላይ ሆና የምታየው ብሩታዊት። ሁለተኛዋ እትዬ አዜብ ናት። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአክሱም ትውፊት ውስጥ ሕዝቡ ለዘንዶ ይገዛ፣ ሴት ልጆቹንም ይገብርለት ነበር። ተራው የእትዬ አዜብ ሲደርስ ከዛፍ ላይ አሰሯት። ሰባት ቅዱሳን መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ዐረፍ እንዳሉ እንባዋ ጠብ አለባቸው። ዘንዶው ሲመጣ ገደሉት፤ ደሙ ተረከዟ ላይ ነጠበና ተረከዟ የአህያ ተረከዝ ሆነ።

በሦስቱም ውስጥ ልጃገረድ አለች፣ አውሬ አለ፣ አዳኝ አለ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው እዚህ ሲደርስ «አላልኳችሁም?» ይላል። አንቺ ግን ዘንዶው ከሞተ በኋላ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቂ። አንድሮሜዳ ለፔርሴውስ ትዳራለች፤ እንዲያውም ከአውሬው ጋር ከመግጠሙ በፊት ነው ከወላጆቿ ጋር የተዋዋለው። በጊዮርጊስ ታሪክ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም፣ አገሩ አምኖ ይጠመቃል። እትዬ አዜብ ወደ መንደሯ ስትመለስ ግን ሰዎቹ ከዘንዶው አምልጣ የመጣች መስሏቸው ያባርሯታል። ዛፍ ላይ ታድራለች። በማግስቱ ወስዳ የዘንዶውን ሬሳ ስታሳያቸው አለቃቸው አድርገው ይሾሟታል። ባል የለም፣ ሠርግ የለም። ኋላ ተረከዟን የሚፈውስላት ንጉሥ መኖሩን ሰምታ እንደ ወንድ ለብሳ ሰሎሞን ዘንድ የምትሄደው፣ ምኒልክን የምትወልደውም እሷው ናት።

አንድ ዓይነት አደጋ ሦስት ዓይነት መጨረሻ አገኘ፦ ትዳር፣ ጥምቀት፣ ዙፋን። ለምን? የእኔን ግምት ልንገርሽ፣ አንቺ ሌላ ብታመጪ አልቃወምም። የአክሱሙ ተራኪ ማስረዳት የነበረበት አንዲት ሴት ያለ ባል እንዴት ልትነግሥ እንደቻለች ነው። ስለዚህ አዳኙ ጎበዝ ጎረምሳ እንዲሆን አልፈለገም። ጎረምሳ ከሆነ ልጅቷም ዙፋኑም የእሱ ይሆናሉ። ሰባት ቅዱሳን ከሆኑ ግን ሙሽራ የሚሆን ሰው የለም፤ ገድለው መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ለዚህ ግምቴ ማስረጃ የሚሆነኝ ደግሞ ሌላው ትውፊታችን ነው። በዚያኛው ዘንዶውን አርዌን የሚገድለው አንጋቦ የሚባል ሰው ነው፤ እሱም ይነግሣል፣ ማክዳም ልጁ ሆና ትወርሰዋለች። ወንዱ እንደገባ ዙፋኑ በእሱ በኩል መዞር ጀመረ። ሁለቱንም ይዘን መኖራችን ራሱ ያስገርመኛል። የአህያዋ ተረከዝም ለብቻዋ ታሪክ አላት፤ ዐረቦቹ ንግሥተ ሳባን ቢልቂስ ብለው ሲተርኩ እግሯ የአህያ ነው የሚል ሐሜት አለ፣ ሰሎሞንም የመስተዋት ወለል ላይ አራምዶ ያረጋግጣል። አንቺ ስለዚህች አንዲት እግር ብቻ ብትጽፊ መምህርሽ «አንቺ የታለሽ?» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

ቪዲዮው የተናገረው የአሜሪካዊውን የጆሴፍ ካምቤልን ሐሳብ ይመስለኛል። በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፣ ይፈተናል፣ ለወገኑ የሚበጅ ነገር ይዞ ይመለሳል ይላል። ፊልም ሠሪዎች በጣም ይወዱታል። እኔ ብዙም አልወደውም፤ ለመጀመሪያ ንባብ ቢረዳም ከዚያ በኋላ የማይገጥመውን እየቆረጠ መጣል ይጀምራል። ጊልጋሜሽ ሞትን ፈርቶ ምድርን ዞረ። በመጨረሻ ከውኃ ሥር ያወጣትን፣ ሽማግሌን ወጣት የምታደርገውን ተክል፣ ሲታጠብ እባብ በላበት። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ባዶ እጁን ኡሩክ ሲደርስ አብሮት ለመጣው ጀልባ ቀዛፊ የሚያሳየው የከተማዋን ግንብ ብቻ ነው። ይህንን «ስጦታ ይዞ ተመለሰ» ለማለት ብዙ መጎተት ይጠይቃል፤ ሲጎትቱትም የታሪኩ ሐዘን ይጠፋል። ከሱ ይልቅ ራሺያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ ይሻለኛል። በ1928 እ.ኤ.አ. በተረት ውስጥ የሚደጋገሙ 31 የድርጊት ዓይነቶችን ዘረዘረ፣ ነገር ግን የምናገረው ስለ ሩሲያ የአስማት ተረቶች ነው ብሎ ወሰነ። እንዲህ የዐቅሙን አጥር የሚያውቅ ሊቅ ደስ ይለኛል።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ «ኩረጃ» የምትለውን ቃል ለፈተና አዳራሽ ትተወው። ተረት ይሄዳል፣ በሄደበትም የአገሩን ልብስ ይለብሳል። የብርዱን ውርርድ ታውቂዋለሽ። ሀብታም ጌታ ድሃ አሽከሩን «ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ካደርክ ቤት፣ ከብትና መሬት እሰጥሃለሁ» ይለዋል። አሽከሩ ከማዶ ተራራ ወዳጁ ያነደደለትን እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው «በእሳቱ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ከዚያ አንድ ብልህ ሰው ጌታውንም ዳኞቹንም ግብዣ ይጠራና የወጡን ሽታ እያሸተታቸው ምግቡን ሳያቀርብ ያስቀምጣቸዋል። እሳት በማየት ከተሞቀ ወጥ በማሽተት የማይጠገበው ለምንድን ነው? ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ርእሱን ያገኘው ከዚሁ ተረት ነው።

የቱርኮቹ ናስረዲን ሆጃም ይህንኑ ብርድ አድሯል። በሩቅ የበራ ሻማ አይተሃል ተብሎ ውርርዱን ይነጠቃል። እሱም ወዳጆቹን ለምሳ ጠርቶ ድስቱን ከአንዲት ሻማ በላይ ከፍ አድርጎ ይሰቅልና እስኪበስል ጠብቁ ይላቸዋል። ማን ከማን ወሰደ ብላችሁ ዶርም ውስጥ ከመከራከር ልዩነቱን ተመልከቱ። የሆጃው ተወራራጆች ጓደኛሞች ናቸው፣ የተበደለውም ራሱ ይበቀላል፣ ሁሉም ይስቃል። በእኛው ጌታና አሽከር አለ፣ ችሎት አለ፣ የተጣመመ ፍርድ አለ። ድሃው ለራሱ መከራከር አይችልም፤ ከፍ ያለ ሰው ሊናገርለት ይገባል። ጌታና ሎሌ፣ ሙግትና ዳኛ የኑሮው ዋና ነገር በሆነበት አገር ሳቁ እንኳ በችሎት በኩል ያልፋል።

አለቃ ገብረ ሐናንም በዚህ ዓይን ተመልከቻቸው። ለሳቸው የሚሰጡት ቀልዶች አንዳንዶቹ ለሆጃውም ይነገራሉ። እሳቸው ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩ፣ ስማቸው በአቋቋም ትምህርት የሚጠራ የእውነት ሊቅ ነበሩ። ሕዝቡ ቀልዱን የሰቀለው በእረኛ ላይ ወይም በወታደር ላይ ሳይሆን በቤተ ክህነት ሰው ላይ መሆኑ አንድ ነገር ይነግርሻል። የጋና አካኖች ደግሞ ለተንኮለኛነት የመረጡት አናንሲ የሚባለውን ሸረሪት ነው። አናንሲ የዓለምን ተረቶች ሁሉ ከሰማዩ አምላክ ከኒያሜ ለመግዛት ዘንዶን፣ ነብርን፣ ተርብንና የጫካ መንፈስን በብልጠት እየያዘ ያስረክባል። በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ይዘውት ጃማይካ ገባ። እዚያ፣ በሸንኮራ አገዳው እርሻ ላይ፣ ትንሹ ትልቁን የሚያታልልበት ተረት ከጌታው በስተጀርባ ሲነገር ምን ዓይነት ጉልበት እንደሚያገኝ አስቢው። ተረቱ ያው ሆኖ ሰሚው ተለውጧል።

የአጎትሽን ነገር በአክብሮት ነው የማነሣው። እኔ ካህን አይደለሁም፤ ልብሽን የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። አንድ ጽሑፍ ከሌላው ቀድሞ መጻፉ ስለ ጽሑፉ ዕድሜ ይነግርሻል እንጂ እምነትሽን ይሽርብሻል ማለት አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ ቦታ ነው የሚጠየቁት። ለአጎትሽ ግን በትሕትና ልታነሺላቸው የምትችይው ነገር አለ። ዕጨጌ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ አለ። ንጉሥ ልጁ ሐዘን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋበታል። ልጁ ግን በሽተኛ ያያል፣ ሽማግሌ ያያል፣ ሰው ሟች መሆኑን ይረዳል፤ ኋላ በባሕታዊው በበረላም ትምህርት ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ታሪኩ ከሕንድ የቡድሃ ሕይወት ተነሥቶ፣ በፋርስና በዐረብ በኩል አልፎ፣ በየደረሰበት ሃይማኖቱን እየለወጠ የመጣ ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባት ወደ ግዕዝ ሲመልሱት የክርስቲያን መጽሐፍ ሆኗል። የእስክንድር ዜና፣ የእንስሳቱ መጽሐፍ ፊሳልጎስ፣ እነዚህም ከውጭ መጥተው በገዳሞቻችን ብራና ላይ የተጻፉ ናቸው። ቅዳሴው በስሙ የሚጠራው ባስልዮስ ደግሞ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ለወጣቶች በጻፈው ምክር፣ የግሪኮችን መጻሕፍት ስታነቡ እንደ ንብ ሁኑ፣ ከአበባው የሚጠቅማችሁን ብቻ ውሰዱ ይላል።

ይህን ሁሉ ግን እንደ ሙግት አትደርድሪባቸው። በበዓል ቀን፣ ቡና ላይ፣ «አጎቴ፣ ብሩታዊት የተባለችው ለምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የጠየቅሻቸውን ሲመልሱ የሚያውቁትን ያህል ታገኚያለሽ። አንድምታ የተማሩ ከሆኑማ አንቺ የፈለግሽውን ንባብ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ አንዲት ጥቅስ ይዞ «አንድም» እያለ ሦስት አራት ትርጓሜ የሚደረድር፣ አንዱንም ሳይጥል የሚያልፍ ትምህርት ነው። ሁለት ተረት አንድ መሰሉኝ ብሎ አንዱን መጣል በዚያ ጉባኤ የሚያስቅ ነው።

አያትሽ ላይ ስደርስ፣ ያሳፍረኛል ያልሽው ነገር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያስቸኩል ነው። በስልክ አትጠይቂያት። ተረት ሰሚ ይፈልጋል፣ ማታ ይፈልጋል፣ «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ይፈልጋል። በክረምቱ ዕረፍት ሂጂና የጎረቤት ልጆች ባሉበት መጀመሪያ አንቺ ንገሪ። አንድሮሜዳን ከነሰንሰለቷ ንገሪያቸው። አያትሽ ዝም ብላ እንደማትሰማሽ እርግጠኛ ነኝ፤ «ይሄማ...» ብላ የራሷን ታመጣለች። ድምጿን ለመቅዳት አስፈቅጃት፤ ስልክሽን ቀሚስሽ ውስጥ ደብቀሽ እንዳትቀጂ።

ስትጽፊው አታሳምሪው። የምልሽ ለምን መሰለሽ? የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪሞች በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጡት የመጀመሪያ እትም ስኖው ዋይትን በቅናት ልታስገድላት የምትፈልገው ወላጅ እናቷ ነበረች። በ1819 በወጣው እትም የእንጀራ እናት ሆነች። እናት እንዲህ አታደርግም ብለው ነው፤ የዓለም ልጆች ሁሉ የእንጀራ እናትን እየፈሩ ያደጉት በከፊል በሁለት ጨዋ ምሁራን እርማት ነው። የስካንዲኔቪያዎቹ አምላክ ኦዲንም ቢሆን በአብዛኛው የደረሰሽ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በኖረው በአይስላንዳዊው ክርስቲያን በስኖሪ ስቱርሉሶን ብዕር ነው፤ የማያመልካቸውን አማልክት ነው የጻፈልሽ። ስለዚህ አያትሽ እናት ካለች እናት ብለሽ ጻፊ። ነውር ነገር ከተናገረች ጻፊው፤ የገጠር ሴት አያቶች ሳሎን ውስጥ የማይነገር ብዙ ተረት ያውቃሉ። መሃል ላይ ዘፈን ካለ ከነዜማው ቅጂ። ልጆቹ የት ላይ እንደሳቁ፣ እሷም የት ላይ ድምጿን እንደለወጠች በማስታወሻሽ ያዢ። ከማን እንደሰማችው ጠይቂያት፤ ብዙ ጊዜ ከተረቱ ይልቅ ያ መልስ ይረዝማል። በሌላ ቀን ስትደግመው መጨረሻውን ብትለውጠው «ያኔ እንዲህ አላልሽም» ብለሽ አትከራከሪያት። ሁለቱንም ያዢ፤ በአርዌና በእትዬ አዜብ ታሪክ ያደረግነውን እዚህም ታደርጊያለሽ።

ምልከታሽን እንደገና ጻፊው፣ በዚህ ጊዜ ግን ዓለምን ሁሉ አታዙሪበት። ሁለት ታሪክ፣ ቢበዛ ሦስት፣ ይዘሽ አንዲት የሚለያዩባትን ነጥብ ምረጪ። የታሰረችው ልጅ ከተፈታች በኋላ ወዴት ትሄዳለች ብለሽ ብትነሺ ስድስት ገጽ አያንስሽም። ያልገባሽ ቦታ ካለ አልገባኝም ብለሽ ጻፊና ለምን እንዳልገባሽ አስረጂ፤ መምህሩ «አንቺ የታለሽ?» ሲል የፈለገሽ እዚያ ላይ ነው። የአንድሮሜዳን ክፍል አትጣዪው። ኢዮጴን ጨምሪበት፣ ግሪኮቹ የሩቁን አገር ለምን ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ እንደመረጡት ጠይቂ፣ ከዚያ እትዬ አዜብን አስከትይ። የዜኡስን ልጆች ዝርዝር ግን አውጪው፤ መምህርሽ እሱን ዊኪፔዲያ ላይ ያገኘዋል።